ቡታጅራ ድረስ፣ ለአንዲት ግትር ኮምፒውተር

ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ክትፎውስ?» እና «የጥያን ድንጋዮች አየሃቸው?» ክትፎውን በልቻለሁ። ድንጋዮቹን ግን አላየሁም። ስመለስ ሚኒባሱ ጥያ ላይ ቆሞ ነበር አሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ። ስለዚህ ስለ ድንጋይ ማንበብ የፈለገ ሌላ ሰው ይፈልግ። እኔ ያየሁት አሮጌ ኮምፒውተርና ሸማኔ ነው። «ኮምፒውተር ለማየት ጉራጌ አገር ድረስ?» ብለው የሳቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ሃያ ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ሮማን የምትባል የወልቂጤ የሂሳብ መምህርት ቁጥሬን ከአንድ ደንበኛዬ ተቀብላ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የድሮ ሞኒተር መለዋወጫ አለዎት ሲሉ ሰማሁ። የዚያች ከኋላዋ ሆድ ያላት» አለች። አለኝ እንጂ! ባለቤቴ «አንተ ካልጣልከው እኔ እጥለዋለሁ» የምትለው አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ አለኝ። ለምን እንደፈለገችው ስጠይቃት «ሸማ እንሸምንበታለን» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያንኑ መለሰችልኝ። በመኪና ልላክልሽ ማለት ስችል «ራሴ አመጣዋለሁ» ብዬ ቁጭ።

ሰኞ

ንጋት ላይ ስነሣ በወፍራም ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ይህ ተራ ልብስ ነው። አዲስ አበባ መኪና ስቀይር ረዳቱ የዕቃ ካርቶኔን ጣሪያ ላይ ልስቀለው አለ። «በመቃብሬ ላይ!» አልኩትና እስከ ወልቂጤ ድረስ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ። ወሊሶን ካለፍን በኋላ እግሬ የእኔ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወልቂጤ መናኸሪያ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና ካርቶኔን እንዳቀፍኩ ቁጭ አልኩ፣ መሬት ላይ።

አንዲት ጃንጥላ የያዘች ቀጭን ሴት ከበላዬ ቆማ ትስቃለች። «ጋሽ ጌታሁን ነዎት መቼም። ክረምቱን ይዘውብን መጡ እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ሰው ሁሉ በእጅጌ ጉርድ ይሄዳል፤ እኔ እንደ ታማሚ ተሸፋፍኜ በላብ ተጠምቄአለሁ። ሮማን እሷ ነበረች።

የወሰደችኝ እናቷ ቤት ነው። ክትፎው ቀረበ፣ አይቡ ቀረበ፣ ቆጮው ቀረበ። እኔ በስመ አብ ብዬ አማተብኩና እጄን ሰደድኩ። ቀና ስል ቤተሰቡ በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ለካ ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎቱ ገና መጀመሩ ነበር። ጉርሻዬን አፌ ውስጥ ይዤ፣ ላላምጥ ወይስ ልተወው ብዬ ስጨነቅ ጸሎቱ የሚያልቅ አልመሰለኝም። «አሜን» ከተባለ በኋላ እናትየዋ «ብላ ልጄ፣ ጌታ የራበውን ያውቃል» አሉኝ። ቆጮውንም እንደ ገብስ ቂጣችን በትልቁ ቆርሼ ጎረስኩና ሳኝከው አመሸሁ። በስሱ መሆኑን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ

ጠዋት ግቢው ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ወሰደችኝ። በሩን ስትከፍተው «ወይ ጉድ!» አልኩ። አሥራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ትምህርት ቤቱ ከአገልግሎት ውጭ ያላቸው። እሷ በደብዳቤ ጠይቃ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ማኅተም ተመትቶ ነው ያገኘቻቸው። እኔ ጋ ቢመጡ በትኜ ብሎናቸውን አወጣ ነበር።

እያንዳንዱ ስክሪን ላይ ጥለት ይበቅላል። ይበቅላል ነው የምለው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ከላይ አንድ መስመር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ቀስ እያለ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ መረብ ይሆናል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ ሌላው ጥቁርና ነጭ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይመስላል፣ ግን እንዲህ ዓይነት ጥለት ለብሶ ያየሁት ሰው የለም።

«ማን ነው የሣለው?» አልኳት።

«ማንም። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ከበላይዋ ያሉትን ሦስቱን ታያለች። እነሱ ሁሉም ጥቁር ከሆኑ ነጭ ትሆናለች፤ አንዷ ብቻ ጥቁር ከሆነች ጥቁር ትሆናለች። እንዲህ ያለች ትንሽ ደንብ ናት ያለችው። የመጀመሪያዋን መስመር ከዕለቱ ቀን ነው የሚወስዱት፤ ኮምፒውተሮቹ ቀኑን ቁጥር አድርገው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ እኔ የለሁበትም።»

«ታዲያ የዛሬው ነገ አይገኝማ።»

«አይገኝም፤ ደስ የሚለው እሱ አይደል?»

በአዲስ ኮምፒውተር ለምን እንዳልሠራችው ጠየቅኳት። ወደ ስክሪኑ አስጠጋችኝና ጣቷን አስቀመጠች። «በአዲሱ ነጠብጣቡ አይታይም፣ ልስልስ ነው። በእነዚህ ግን አንዷ ነጠብጣብ አንድ ክር ናት። ሸማኔ ሊቆጥራት ይችላል።» ይህን ስትል እንዴት እንደኮራሁ! የኮራሁት በእሷ ነው ወይስ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ባስቀመጥኳቸው ብረቶች፣ አላውቅም። እዚያው ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ዋልኩ። ምሳም አልፈለግኩም ነበር፤ እናትየዋ ናቸው በግድ ያበሉኝ።

የሚጠገነው ሞኒተር ግን ቡታጅራ ነው አለችኝ። ጋሽ ኸይረዲን የሚባሉ ሸማኔ ከእሷ ማሽኖች አንዷን እቤታቸው አስቀምጠው ይሸምኑባታል። «ያቺ ግን ግትር ናት» አለች እየሳቀች። «በከፈትናት ቁጥር ያንኑ ጥለት ነው የምታወጣው። ፕሮግራሟ ከእነዚህ ጋር አንድ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የማሽን ሆድ ከፍቼ አላውቅም። ጋሽ ኸይረዲን ግን የወደዷት ለዚያ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ መልሰው ሲያበሯት ያንኑ ስለምታመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።»

እኔ በሆዴ፣ ግትር ኮምፒውተር የለም፣ የታመመ እንጂ አልኩ።

ረቡዕ

ከወልቂጤ ቡታጅራ በተራራው በኩል ሄድን። ደጋው ላይ ስንወጣ ጉም ያዘን፤ ቁርጥ የእኛ አገር! ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ቤቱን የሚከበው ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነው፤ እዚህ እንሰቱ ከቤቱ ይበልጣል። ሮማን በስስ ሹራቧ ትንቀጠቀጥ ጀመር። «ክረምቱን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነበር» አልኩና ጋቢዬን ሰጠኋት። ቂሜን እንዲህ ተወጣሁ።

ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሹፌሩ ወደ ኋላ በሞተር ሄደ። ዝናቡ ሲጀምር በመንገዱ ዳር ካለው ቤት አንዲት ሴት ወጥተው «ምን ትቆማላችሁ፣ ግቡ እንጂ!» አሉን፤ አሥራ ሦስት ሰው! ሁላችንም ገባን። ረቡዕ ስለሆነ መጾሜን ሳልናገር እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ፤ ለሌላው አይብ ሲያቀርቡ ለእኔ በዘይት የተሠራ ጎመን ለብቻ አመጡልኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ መጣሁ፤ ይቆጨኛል።

ቡታጅራ የደረስነው ከሰዓት ነው። ጋሽ ኸይረዲን በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ጣታቸው ረጃጅም፣ ሳቃቸው ቶሎ የሚመጣ ሰው ናቸው። «አሰላሙ ዐለይኩም! ሐኪሟ መጣ በሉኛ» አሉ። የፊት ክፍሉ ውስጥ የሸማኔው ጉድጓድ አለ፤ ድሩ ተወጥሯል። ከጎኑ፣ በብሎኬት ላይ፣ ያቺ ግትር የተባለች ኮምፒውተር ተቀምጣለች።

እንዴት እንደሚሠሩ አሳዩኝ። ማሽኗ አንድ መስመር ብቻ፣ በትላልቁ፣ ታሳያለች፤ ጥቁር ካሬ ማለት ክሩን አንሣ፣ ነጭ ማለት እለፍ ነው። እሳቸው ድሩን በጣታቸው እያነሡ ባለቀለሙን ክር ያስገባሉ፣ ማጉን ይወረውራሉ፣ ከዚያ በክርናቸው ቁልፉን ጫን ሲያደርጉ ቀጣዩ መስመር ይመጣል። እጃቸው ከሥራው አይለይም። «ክር ቆጥሬ ከጨርቅ ላይ መቅዳት ካቃተኝ ቆይቷል፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። «ይህቺ ግን እንደ ጡብ አግዝፋ ነው የምታሳየኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

የሚሸምኑት የመጨረሻ ልጃቸው ሰዓዳ እሑድ ስትዳር የምትለብሰውን ኩታ ነው። ኩታ ማለት እንግዲህ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው፤ ጥለቱም ስፌቱ ላይ ሲገናኝ ልክ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ አልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት ይጀመራል። ስክሪኗ እየተንቀጠቀጠች ስላስቸገረቻቸው ነው እኔን የፈለጉኝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠገንኳት። ሮማን አክስቷ ቤት ሄደች፤ እኔ እዚያው ፊት ክፍል ተነጠፈልኝ።

ሐሙስ

በአዛኑ ነቃሁ። ጋሽ ኸይረዲን ለሰላት ወጥተዋል። ከማሽኗ ጋር ብቻችንን ነን። እጄ መቼ አርፎ ያውቃል? መፍቻዬን አወጣሁና ሆዷን ከፈትኩ። አቧራዋን ጠረግኩላት። የሰዓቷ ባትሪ፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው፣ ከሞተች ስንት ዓመቷ! ኮምፒውተሯ በተከፈተች ቁጥር ያንኑ የድሮ ቀን ነው የምትናገረው። አዲስ ባትሪ ካርቶኔ ውስጥ ነበረኝ፤ ለወጥኩላት፤ ቀኑንም ሰዓቱንም አስተካከልኩ። ቀኗን የማታውቅ ኮምፒውተር ለሰርግ ቤት ነውር ነው ብዬ፣ በራሴ እየተደሰትኩ ዘጋኋት። ለማንም አልተናገርኩም፤ በኋላ ሊመርቁኝ እያሰብኩ።

ጋሽ ኸይረዲን ተመልሰው ጉድጓዳቸው ገቡ። ያን ጠዋት ያየሁትን መቼም አልረሳውም። እግራቸው ከታች፣ ጣታቸው ከላይ፣ ክርናቸው ቁልፉ ላይ፤ ሰውየውና ማሽኗ ሲግባቡ! በዝግታ አራት ጣት ያህል ሸመኑ።

ምሳ ቀረበ። ዶሮ ወጥ ነበር። የእስላም ቤት ነውና እንዴት አድርጌ እምቢ እንደምል ስፈራ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ቀደሙኝ፤ «አይዞህ፣ ብላ። ያረዱት ጎረቤታችን አቶ ወልዴ ናቸው። የሠሩትም ሚስታቸው ናቸው፣ በራሳቸው ድስት። ለአንተ ነው፣ እኛ ሌላ አለን» አሉኝ። ለአንድ ቀን እንግዳ! እንባዬ መጣ። ፈረሰኛውን አንሥቼ ልጎርስ ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ያለው ቁራጭ ላይ አረፈ።

የእሱ ጥለት የሚጀምረው በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ነው። ዛሬ ጠዋት የተሸመነው ግን ደረጃ ደረጃ የወጣ ሌላ ነገር ነው።

የሮማን ቃል ትዝ አለኝ፤ የመጀመሪያዋን መስመር ከዕለቱ ቀን ነው የሚወስዱት። ማሽኗ ግትር የሆነችው ቀኑን ስለማታውቅ ነበር! ለእሷ ሁልጊዜ ያው አንድ ቀን ነው፣ ስለዚህ ያው አንድ ጥለት። እኔ ጌታሁን መጥቼ ሐሙስ መሆኑን ነገርኳት። ፈረሰኛው እጄ ላይ ቀረ።

ተናገር ይለኛል አንዱ ልቤ። አልተናገርኩም። የሰው ዶሮ እየበላሁ፣ ጎረቤት ተለምኖልኝ፣ የልጃቸውን ኩታ አበላሸሁት ልበል? ደግሞም ኩራት አለብኝ፤ «ጌታሁን የነካው አይበላሽም» ሲባል የኖርኩ ነኝ። ለዙህር ሰላት ሲወጡ ባትሪዋን ቀስ ብዬ አወጣታለሁ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እፈጥራለሁ አልኩ።

ወጡ። መፍቻዬን ሳነሣ ሰዓዳ የእጅ ውሃ ይዛ ገባች። አስቀምጣው ትሄዳለች ስል ቁጭ አለች። «ለሦስቱ እህቶቼም አባቴ ነው የሸመነላቸው» አለችኝ። «እኔ የመጨረሻ ነኝ። ‹አላህ ዓይኔን እስከ ሰዓዳ ብቻ ያቆይልኝ› ነው የሚለው ሁልጊዜ።» መፍቻውን ኪሴ ከተትኩ።

ጋሽ ኸይረዲን ተመለሱ። የተሰቀለውን ቁራጭ አወረዱና ጉድጓዳቸው ገብተው ከአዲሱ ጎን አስቀመጡት። አዩት። አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞር አደረጉት። ከጉድጓዱ ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ሮማን በዚህ መሃል እየሳቀች ገባች።

«ልጄ፣ ማሽንሽን ይዘሽ ሂጂ» አሏት።

«ምነው ጋሽ ኸይረዲን? ምን ሆነች?»

«እሷ ምንም አልሆነችም። ዓይኔ አልቋል። ለሰዓዳ ከገበያ እገዛላታለሁ።»

ሮማን ሁለቱን ቁራጭ አይታ ደነገጠች። «ፕሮግራሙ ይሆናላ! የእኔ ስህተት ነው፣ ቆይ ልየው።»

«የለም፣ የለም። ግትር ናት ያልሽው አንቺው አይደለሽ? ሁልጊዜ ያንኑ ነው የምታወጣው። እሷ ያንኑ አሳይታኛለች፣ እኔ ነኝ ሌላ ያየሁት።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ጠዋት ልክ የማይ መስሎኝ ነበር። ጥርት ብሎ ነበር የታየኝ። ዓይን ሲያልቅ እንዲህ ያታልላል ማለት ነው።»

እትዬ ዘይነባ ጓዳ በር ላይ ቆመው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሰዓዳ ቀና ብላ አላየችም።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ጋሽ ኸይረዲን፣ እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ጮኼ ኖሯል። «ጠዋት እርስዎ በሌሉበት ሆዷን ከፍቼ ባትሪዋን ለወጥኩት። ቀኑን ነገርኳት። ጥለቷን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ምሳ ላይ አውቄዋለሁ፣ ደግሞ ደበቅኩዎት። ይቅር በሉኝ።»

ሮማን ግንባሯን መታች። «የቀኑ ነገር! እንዴት ሳላስበው!»

ጋሽ ኸይረዲን ግን እኔን አልሰሙኝም ብል ይሻላል። ተነሥተው ቀረቡኝ። «ቆይ፣ ቆይ። ጠዋት እሷ ያሳየችኝ ይሄንን ነው?»

«አዎ።»

«እኔ የሸመንኩት ይሄንን ነው?»

ሮማን ማሽኗን አጥፍታ እንደገና አስነሣቻት። የሐሙሱ ጥለት ከመጀመሪያ መስመሩ ጀምሮ መውረድ ያዘ፤ ሰዓዳ በጨርቁ ላይ በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ መስመር። «አባዬ፣ አንዲት ክር አልሳትክም» አለች።

«ዘይነባ!» ብለው ተጣሩ፣ ሴትየዋ አጠገባቸው ቆመው እያለ። «ዘይነባ፣ ወላሂ፣ ልክ ነው ያየሁት! ልክ ነው ያየሁት እኮ!» ትከሻዬን ይዘው ወዘወዙኝ፤ የሚመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉንጬን ነው የሳሙኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ስድብህን በኋላ እሰድብሃለሁ፤ አሁን ደስ ብሎኛል» አሉ። ቃላቸውን ጠብቀው በኋላ ሰደቡኝ፣ በጉራጌኛ፤ ሮማን ልትተረጉምልኝ እምቢ አለች።

ባትሪዋን አወጣኋት። ማሽኗ ቀኗን ረሳች፤ ትንንሾቹ ሦስት ማዕዘኖችም ተመለሱ። የተሸመነውን አራት ጣት ክር በክር ስንተረትር መሸ። እኔ ከሁሉ ቀርፋፋው ነበርኩ፣ ግን ማንም ተነሥ አላለኝም።

ዓርብ እና ቅዳሜ

ዓርብ ለጁምዓ ብቻ ነው ከጉድጓዱ የወጡት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። በመጣ ቁጥር እኔ ቁልፉን እየተጫንኩ፣ መስመሩን እየቆጠርኩ ካቆሙበት አደርሳቸዋለሁ፤ ሌላ ሥራ አልሰጡኝም፣ መፍቻዬንም እትዬ ዘይነባ ቀምተው ቆልፈውበታል። ሰርገኛ ዘመድ ከእንሴኖም ከቡኢም እየመጣ ግቢውን ሞላው፤ የገባው ሁሉ «ባትሪ የለወጠው ይኼ ነው?» ይላል። እኔም አዎ እላለሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሁለተኛው ቁራጭ ተቆረጠ። እትዬ ዘይነባ በእጃቸው ሰፉት። ሰዓዳ ለብሳው ግቢው መሃል ቆመች። ሮማን ዞረቻት፣ እኔም መነጽሬን አድርጌ ዞርኳት፤ ጥለቱ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር ስፌቱ የት እንዳለ ማግኘት አቃተን። እንከን የለውም አልኩ፣ በሙሉ አፌ።

ጋሽ ኸይረዲን ቀረብ ብለው አዩ፣ ረጅም ጊዜ።

«ግራ ትከሻዋ ላይ» አሉ፣ «አንዲት ቀይ ክር ወጥታለች።»

መነጽሬን አስተካክዬ አየሁ፤ ምንም የለም። በጣቴ ዳበስኩ። ነበረች፤ የቅንድብ ፀጉር የማታክል። እትዬ ዘይነባ መቀሱን ሊሰጡኝ ሲሉ እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ መቀሱን ተቀበሉ፣ ራሳቸው ቆረጧት።